ሀሺሽ ነው ብዬ የፈረምኩበት ችግኝ

የአዴ ሶሬቲን መሞት የሰማሁት ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ፀጉሬን እየተቆረጥኩ ነው። አጠገቤ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ በስልክ ሲያወራ ስማቸውን ጠራ። ከወዲያ ያለው ሰው አላስታወሳቸው ኖሮ፣ «ችግኝ ትሸጥ የነበረችው! በሀሺሽ ታስራ የነበረችው!» ብሎ በኦሮምኛ አስረዳው። «በስህተት» የምትለዋን ቃል አልጨመረም። ልጨምርለት ዞር ስል ፀጉር አስተካካዩ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መስታወቱ መለሰኝ። መስታወቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ያን ስህተት የሠራው ሰው ነው። አፌን ዘጋሁ።

ቀብራቸው ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ከቤተሰባቸው ጋር ተቀምጫለሁ፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እኔ ግን የሆነውን ከነውርደቴ ካልጻፍኩት አይቀለኝም።

ነገሩ የሆነው ከነቀምቴ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት በማትሞላ መንገድ ላይ ባለች፣ ስሟን ባልጠራ በምመርጣት ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ የሰብል ባለሙያ ነበርኩ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በያዝኩ በሳምንቱ የቢሮዬ በር ላይ ስሜን ከነትምህርት ደረጃዬ አስለጥፌያለሁ። አባቴ ጎጃሜ ነው፤ እኔ ነቀምቴ ተወልጄ ስላደግኩ ኦሮምኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ ብዬ አምናለሁ። የሚሰሙኝ ሰዎች ግን ፈገግ ይላሉ።

አዴ ሶሬቲ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አጠር ብለው ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። መናኸሪያው አጥር ሥር ችግኝ ይሸጣሉ፦ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ አበባ። ሁሉም በተቆረጠ የዘይት ጀሪካንና በድልህ ጣሳ ውስጥ ተደርድሮ ነው። ጥያቄ ሲጠየቁ ወዲያው አይመልሱም። መጀመሪያ ከትንሿ ጣት ጀምረው አፈሩን ከጣቶቻቸው አንድ በአንድ ያራግፋሉ፤ አውራ ጣታቸው ላይ ሲደርሱ መልሱ ይመጣል። ስለ ዘር ሲያወሩ ስለ ሰው የሚያወሩ ይመስላል። «ይሄ ሰውዬ ገና ተኝቷል» ይላሉ፤ ወይም «ይቺ ተቆጥታለች፣ ትንሽ እንተዋት»።

የማያውቁትን ዘር ይዞ ለመጣላቸው ሰው አንድ ችግኝ በለውጥ ይሰጣሉ። ያሳሰራቸውም ይኸው ጠባያቸው ነው። አንድ ቀን፣ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው «ሴትዮዋ የሀሺሽ ችግኝ ትሸጣለች» ብሎ ጠቁሞ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ጣሳዎቹን ሲያገላብጡ በወረቀት የተጠቀለለ አርባ የሚሆን ግራጫ ፍሬ አገኙ።

«ይህ ምንድን ነው?» አላቸው አንደኛው።

«አላውቅም።»

«ሳያውቁ ያስቀምጣሉ?»

«ሲበቅል አውቀዋለሁ። ያመጣችልኝ ሴት ከቆላ ነው የመጣችው። ቅጠሉ እንደ እጅ ጣት የተከፈለ ነው ብላኛለች።»

ፖሊሱ ስልኩን አውጥቶ የሀሺሽ ቅጠል ፎቶ አሳያቸው። አዴ ሶሬቲ አዩና፣ «ኤዬ፣ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። እንዲህ ያሉ ሴት ነበሩ።

በዋስ ተለቀቁ። በዚያ ሰሞን መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበር ናሙናውን ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ መላክ አልተቻለም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ የዘሩን ምንነት ባለሙያ እንዲያጣራ አዘዘና ከአርባው ሠላሳው ፍሬ በታሸገ ፖስታ እኔ ጋ መጣ። በዕድሜዬ የሀሺሽ ዘር አይቼ አላውቅም። ደብዳቤው ላይ ግን «ሙያዊ አስተያየት» የሚል ነገር ተጽፏል፤ እሱን ሳነብ ደረቴ ተነፋ። «ቀላል ነው፤ አብቅለን ቅጠሉን እናያለን» አልኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት የቢሮውን ኮምፒዩተር ከፍቶ «የሀሺሽን ዘር በተሳካ ሁኔታ ለማብቀል የትኛው ዘዴ ይሻላል» ብሎ መፈለግ ነው። የፈረንጁ ክርክር ጉድ ነው። አንዱ በብርጭቆ ውሃ ካልተዘፈዘፈ ይላል፤ ሌላው በእርጥብ ወረቀት መሃል ካልተኛ ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ይሳደብና በቀጥታ አፈር ውስጥ ይላል። ማስታወሻ እየያዝኩ ሁለት ቀን አነበብኩ። ኮምፒዩተሩ የጋራ መሆኑ ትዝ ያለኝ በሦስተኛው ቀን ኃላፊዬ አስጠርተው በሩን ሲዘጉ ነው።

«ልጅ አለህ?» አሉኝ በለሆሳስ።

«የለኝም።»

«አንተ ራስህ ነህ ማለት ነው» ብለው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። የፍርድ ቤቱን ደብዳቤ አምጥቼ እስካሳያቸው ድረስ እንድጸልይ መከሩኝ።

ሦስቱንም ዘዴ ላወዳድር ወሰንኩ። አሥሩን ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተትኩ፤ አሥሩን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ ሳህን ላይ አደረግኩ፤ አሥሩን አፈር ውስጥ ቀበርኩ። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ለጠፍኩ፤ ሠንጠረዥም አዘጋጀሁ። ሠንጠረዡ በጣም ያምር ነበር።

የብርጭቆው በአምስተኛው ቀን መሽተት ጀመረ። ለካ አንድ ቀን ይበቃው ኖሯል። ሶፍቱን መስኮት ላይ አስቀምጬ ቅዳሜና እሑድ ነቀምቴ ሄድኩ፤ ሰኞ ስመለስ በፀሐይ ደርቆ ብስኩት መስሏል። አፈር ውስጥ ያለውን እንደ በቆሎ በጥልቀት ቀብሬ ጠዋትና ማታ ውሃ ስለማፈስበት አንድም ፍሬ ብቅ ሳይል ቀረ። ስቆፍረው በስብሷል። ሠላሳ ፍሬ በሦስት ዘመናዊ ዘዴ ገደልኩ።

ኤግዚቢት ተብሎ ፖሊስ ጋ የቀረው አሥር ፍሬ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ደግ ሐሳብ መሰለኝ። መናኸሪያው ጋ ሄጄ አዴ ሶሬቲ አጠገብ ቁጢጥ አልኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አዴ ሶሬቲ፣ ዘሩ አልበቀለም። አልበቀለም ብዬ ብጽፍ ማስረጃ የለም፣ ነገሩ ይዘጋል። እርስዎም ነፃ ይወጣሉ» አልኳቸው።

ጣቶቻቸውን አራገፉ። ትንሿ፣ ቀጣይዋ፣ መሃለኛዋ…

«ሶሬቲ ጋ የነበረ ዘር አልበቀለም ተብሎ ሊጻፍ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የጸሎት ቡድናችን እኔ ቤት መሰብሰቡን ትቷል። ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ስቀመጥ አጠገቤ ያለችው ነጠላዋን ሰብስባ ራቅ ትላለች። አንተ አልበቀለም ብለህ ብትጽፍ 'ሀሺሽ ነበር፣ አመለጠች' ይላሉ። እኔም ራሴ ምን እንደያዝኩ ሳላውቅ ልሞት ነው? አሥሩን አምጣልኝ።»

ለፍርድ ቤቱ ጻፍኩ፤ ሠላሳውን በማበላሸቴ ከተግሣጽ ጋር ፈቀደ፤ በእኔና በፖሊስ ፊት፣ እኔ ቢሮ እንዲያበቅሉት። በቀጠሮው ቀን አዴ ሶሬቲ አንድ የተቆረጠ ጀሪካን አፈር፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅና አንድ የኮባ ቅጠል ይዘው መጡ። ከፖሊስ ጣቢያ የተላከው ሳጅን ገመቹ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ ማስታወሻዬን አወጣሁ።

አሥሩን ፍሬ ውሃ ላይ ጣሉት። ሦስቱ ተንሳፈፉ። «እነዚህ ባዶ ናቸው» ብለው ለይተው ለሳጅኑ ሰጡት፤ በክብር ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። የጠለቁትን ሰባቱን ከጠዋት እስከ ቀትር ብቻ ዘፈዘፉ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጨርቁን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ በጽሕፈት ቤቱ ወጥ ቤት ከምድጃው ራቅ ያለ ሙቅ ጥግ ላይ አኖሩት። በየቀኑ ጠዋት እየመጡ ጨርቁን በጣታቸው ይነኩና «እርጥብ ነው» ብለው ይሄዳሉ። ሌላ ምንም የለም።

«ምን ያህል ሚሊ ሊትር ነው የሚጨምሩት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጨርቁ እስኪጠግብ።»

ጻፍኩት።

በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ሲፈታ ስድስቱ ፍሬ ነጭ ጭራ አውጥቷል። አንዱ እንደተኛ ቀረ። የጎነቆሉትን ጭራቸውን ወደ ታች አድርገው በጥፍር ጥልቀት አፈር አለበሷቸው። እኔ ልረዳ ብዬ ማጠጫ ይዤ ስቀርብ እጄን ያዙኝ። «አንተ አታጠጣም፤ ታጥባለህ» አሉ። ቅጠል ያለው ቀንበጥ ውሃ ውስጥ ነክረው አርከፈከፉበት። ሳጅን ገመቹ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ስድስቱም በቀሉ። እውነቴን ነው የምለው፣ ያን ጠዋት ከአዴ ሶሬቲ በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ፤ ሴትዮዋን የሚያሳስር ነገር ሊሆን እንደሚችል ለጊዜው ጠፍቶብኝ እያጨበጨብኩ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድፍን ነበሩ፤ ሁላችንም ተነፈስን። ችግኞቹ ከጉልበት ዝቅ ብለው ሳሉ ግን አዲሱ ቅጠል ሦስት ቦታ ተከፈለ። ቀጣዩ አምስት ቦታ፤ ጠርዙም እንደ መጋዝ። ስልኬን አውጥቼ አጠገቡ ያዝኩት። ቁርጥ ሀሺሽ።

አዴ ሶሬቲ ቅጠሉን ረጅም ጊዜ አዩት። «አበባውን ጠብቅ» አሉኝ በመጨረሻ። «ቅጠል ይመሳሰላል።»

ዕፅዋት የሚለየው በአበባው እንደሆነ የተማርኩት ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ነው። ነገር ግን ቀጠሮው ደርሷል፤ ኃላፊዬም «ምን ደረስክ?» እያሉ ነው፤ «ገና አላወቅኩም» ብሎ መጻፍ ደግሞ በቢሮዬ በር ላይ ላለው ጽሑፍ የሚመጥን አልመሰለኝም። «ሳይንስ እኮ አበባ አይጠብቅም፣ አዴ ሶሬቲ» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ መናገሬን የሰማ ሌላ ሰው አለመኖሩ አንድ በጎ ነገር ነው። «በቅጠሉ ቅርጽ መሠረት ተክሉ ካናቢስ የመሆኑ ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ማኅተም አስመታሁ። ሦስት ችግኝ ነቅዬ፣ አድርቄ፣ ከሪፖርቱ ጋር አያያዝኩ።

በማግስቱ ዋስትናቸው ተነሣና ወደ ማረፊያ ቤት ወሰዷቸው። በቢሮዬ መስኮት ሲያልፉ አየኋቸው። ቀና ብለው እኔን ሳይሆን መስኮቱ ላይ ያለውን ችግኝ ነበር የሚያዩት።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ሥራዬን ሠርቻለሁ እያልኩ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴ ግን አልሰማኝም። የቀሩትን ሦስት ችግኞች ለፍርድ ቤት ይመጥናሉ ብዬ ከጀሪካኑ አውጥቼ በሸክላ የአበባ ማስቀመጫ ተከልኳቸው። ሁለቱ በሳምንቱ ደረቁ። የመጨረሻው ቁመቱ ደረቴ ደርሶ ሳለ ከታች ጀምሮ ቢጫ መሆን ጀመረ። በዚያ አገር ምን ማድረግ እንዳለብኝ ሊነግሩኝ የሚችሉት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ አሳስሬያቸዋለሁ።

ሦስት ቀን አመነታሁና ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። በሩ ላይ ሳጅን ገመቹ ብርቱካኑን እየፈተሸ፣ «ከመጡ ወዲህ ግቢያችን ጎመን በጎመን ሆኗል» አለኝ። «ፓፓያዎቻችሁ ወንድ ናቸው፣ ስትጠብቁ አትኑሩ ብለውናል። ለአምስት ዓመት ስንጠብቅ ነበር።»

አዴ ሶሬቲ ወጡ። ከስተዋል፤ ሹራባቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸዋል። ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝና፣ «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ» አልኳቸው።

ጣቶቻቸውን አራገፉ። «ስንቴ ታጠጣለህ?»

«ጠዋትና ማታ።»

«እንደገና እያጠብከው ነው። የተከልክበት ዕቃ ከታች ቀዳዳ አለው?»

አሰብኩ። «የለውም።»

ቀና ብለው አዩኝ። በሕይወቴ መምህራን፣ ፈታኞችና አባቴ እንዲህ አይተውኝ ያውቃሉ፤ የእሳቸውን ያህል ያሳነሰኝ ግን የለም። «በምስማር ሦስት ቦታ ብሳው። አምስት ቀን ውሃ እንዳታሳየው። ከዚያ በኋላ ጣትህን እስከ አንጓው አፈር ውስጥ ክተት፤ ደርቆ ካገኘኸው ብቻ ስጠው» አሉ። ስለ ሪፖርቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም አልተነፈስኩም። ብርቱካኑን ተቀብለው ገቡ።

እንዳሉት አደረግኩ፤ ዳነ።

በታሰሩ በሃምሳ ሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ማዳበሪያ ለመጠየቅ የመጡ ገበሬዎች ግቢውን ሞልተውት ሳለ የቢሯችን ዘበኛ ኦቦ ፈይሳ ከበሩ ጮኸ፦ «ባለሙያው! ሀሺሽህ አበበ!»

ሮጬ ወጣሁ። ፈዛዛ ቢጫ፣ የሻይ ሲኒ የሚያህል አበባ፤ መሃሉ የወይን ጠጅ ቀለም የነከሩት ይመስላል። የሀሺሽ አበባ እንዲህ ያለ ፈንጠዝያ የለውም። ይሄ የከርከዴና የባሚያ ዘመድ ነው፤ ከናፍ ይባላል፣ ከልጡ ጆንያ የሚሠራ ተክል። መጽሐፌ ውስጥ ገጹ ላይ ቡና ደፍቼበት ስለነበር ሳላነበው ያለፍኩት ተክል ነው። ስለ አበባው የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጠዋት ይከፈትና ቀትር ላይ ይከደናል።

ፎቶ ማንሣት እችል ነበር፤ ይሄ ትዝ ያለኝ በማግስቱ ነው። ያን ጊዜ ያደረግኩት ማስቀመጫውን ታቅፎ መንገድ ላይ መውጣትና ባጃጅ ማስቆም ነው። ተክሉ ከእኔ በላይ ስለሆነ ግማሹ ወደ ውጭ ወጣ። ከተማው ሁሉ፣ ሪፖርት ጽፎ ሴትዮ ያሳሰረው ባለሙያ ሀሺሹን ታቅፎ በባጃጅ ሲሄድ ቆሞ አየ። ኮብል ስቶኑ ላይ ስንዘል አንድ ቅርንጫፍ ተሰበረ።

ፍርድ ቤቱ የሁለት ጎረቤታሞች የድንበር ክርክር እየሰማ ነበር። ከነተክሉ በሩ ላይ ቆምኩ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ኤግዚቢት ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ቀትር ላይ ይከደናል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዳኛዋ ግን አልሳቁም፤ አበባውን አዩ፣ መዝገቡን አስመጡ፣ አዴ ሶሬቲም ታዝዘው ከማረፊያ ቤት መጡ። ችሎቱ በኦሮምኛ ነው። ከድንጋጤዬ የተነሣ «ተሳስቻለሁ» ልል በኦሮምኛው ቃል ላይ አንዲት ፊደል ጨመርኩና «አሳስቻለሁ» አልኩ። ዳኛዋ ወደ ጸሐፊያቸው ዞር ብለው፣ «እንዳለው ይጻፍ፤ ይሄኛው ትክክል ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ። «ያን ሪፖርት ስትጽፍ ሀሺሽ አይተህ ታውቃለህ?»

«በስልክ።»

«አሁንስ ይህ ሀሺሽ አለመሆኑን በስልክ ነው ያወቅከው?»

«አይደለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። በአበባው ነው። መጠበቅ ነበረብኝ። ጠብቅ ብለውኝ ነበር» አልኩና ወደ አዴ ሶሬቲ ጠቆምኩ። ሳቁ ቆመ።

ዳኛዋ የሚናገሩት እንዳላቸው አዴ ሶሬቲን ጠየቋቸው። አዴ ሶሬቲ ወደ ተክሉ ቀረብ ብለው የተሰበረውን ቅርንጫፍ በእጃቸው ደገፉ። «ይሄን ማን ሰበረው?» አሉ። የሚናገሩት ይኸው ነበር።

ያንኑ ቀን ተለቀቁ። ተክሉም ንብረታቸው ስለሆነ ተመለሰላቸው። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ በቢሮዬ በር ላይ የነበረውን ጽሑፍ ግን ማንም ሳያዘኝ ራሴ አወረድኩት። በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ደጃፍ ላይ ቆሜ ለሚወጣው ምእመን ሁሉ ዘሩ ምን እንደነበር ነገርኩ። ሠላሳኛው ሰው ላይ «ሰምተናል፣ ሰምተናል፣ ግባና ስበክ ደግሞ» ተባልኩ።

በተለቀቁበት ቀን ከፍርድ ቤቱ ስንወጣ ወደ ቤታቸው ያደረስኳቸው በዚያው ባጃጅ ነው። እሳቸው ተክሉን አቅፈዋል፣ እኔ ሥሩን ይዣለሁ። በኦሮምኛ ያዘጋጀሁትን ይቅርታ እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እኔም ሀሺሽ ነው ብዬ ነበር እኮ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ቅጠሉን ሳይ ደነገጥኩ። ነው፣ አልቆልኛል አልኩ። አበባውን ጠብቅ ያልኩህ ጥቂት ቀን ባገኝ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ቢጫ ሲሆን እንዴት እንደማድነው ለምን ነገሩኝ? ዝም ቢሉኝ እኮ ይደርቅ ነበር። ከእኔ እጅ አይተርፍም ነበር።»

አዴ ሶሬቲ ዞረው አዩኝ፤ ግብርና ተምሬያለሁ የሚባለው ነገር መጀመሪያውኑ ውሸት መሆኑን ያወቁ ይመስል ነበር።

«ቢጫ ሆነ አልከኝ» አሉ። «ቢጫ ለሆነ የሚደረገውን ነገርኩህ። ሌላ ምን ልበልህ?»

ከዚያ ወደ ነጂው ጎንበስ ብለው ቀስ እንዲል ነገሩት፤ የተክሉ ጫፍ ጣሪያውን እየነካ ነበር።